ጭንቀቱን ሰስፔንስ ውስጥ አታቆዩት፦ ለኤሲሲኤ ተፈታኞች

ግንቦት 2016፣ አርብ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ቢሮ ውስጥ የቀረነው እኔና ጥበቃው ጋሼ ብቻ ነን። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ተከፍቷል፣ የባንክ ሂሳቡ አልታረቀም፣ ከኪቦርዱ አጠገብ ደግሞ ኤሲሲኤ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ ፈተናዎች የአንዱ፣ የኤፍአር (ፋይናንሻል ሪፖርቲንግ) መጽሐፍ ተዘርግቶ የኮንሶሊዴሽንን (የእናትና የልጅ ኩባንያ ሂሳብ ማዋሃድን) አንድ ገጽ ለአራተኛ ጊዜ እያነበብኩ ነው። ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ምሳ አልበላሁም፣ አሁንም አልራበኝም፣ እጄ በረዶ ሆኗል። ጋሼ ብቅ ብለው «ልጄ፣ አንተ ቤት የለህም እንዴ?» አሉኝ።

ያን ዙር 44 አምጥቼ ወደቅኩ። ማለፊያው 50 ነው።

ሳላነብ ቀርቼ እንዳይመስላችሁ። አንብቤያለሁ። የጣለኝ ጭንቀቴን የያዝኩበት መንገድ ነው። ደህና አካውንታንት በሥራው ላይ የማያደርገውን ነገር በራሴ ላይ አደረግኩ፤ ምንነቱ ያልታወቀውን ሁሉ ሰስፔንስ (ያልተለየ ሂሳብ ለጊዜው የሚቆይበት መዝገብ) ውስጥ እየወረወርኩ «በኋላ አየዋለሁ» አልኩ። ሰስፔንስን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ካልነኩት በራሱ አይጠራም። ሰኔ 30 ሲደርስ አብጦ ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሰስፔንሱን መበተን ነው። አንድ ወረቀት ያዙና ደረታችሁን ጭንቅ ሲለው በአእምሯችሁ የሚያልፈውን ነገር በየመስመሩ ጻፉ። «ፈተና እፈራለሁ» ብላችሁ አትጻፉ፣ ያ ራሱ ሌላ ሰስፔንስ ነው። እኔ ከወደቅኩ በኋላ ስጽፍ አሥራ አንድ መስመር ወጣ። ትምህርቱን የሚመለከቱት ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ካሽ ፍሎው፣ ፋይናንሻል ኢንስትሩመንት፣ እና ሰዓት አይበቃኝም የሚለው። የቀሩት ስምንቱ ሌላ ናቸው። እህቴ የከፈለችው ገንዘብ። አለቃዬ ፈቃድ ቢከለክለኝስ። አብሮኝ የተመረቀው ልጅ እኔን አልፎኝ መሄዱ። እናቴ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ስትል ምን እላታለሁ። ስድስት ወር ሙሉ በኤፍአር አመካኝቼ የተሸከምኩት ይሄንን ነበር፣ መጽሐፍ ደግሞ ይሄንን አይፈታም። ለእያንዳንዱ መስመር ማስተካከያው የተለየ ነው።

መጀመሪያ ካላንደሩን እዩ

ብዙው ጭንቀት የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ማንም ግን አይነግራችሁም። ኤሲሲኤ ከመጀመሪያዎቹ አራት ፈተናዎች በስተቀር የቀረውን የሚሰጠው በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበር፣ ዲሴምበር፣ ብዙውን ጊዜ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት። ወደ እኛ ካላንደር ስትመልሱት የካቲት መጨረሻ፣ ግንቦት መጨረሻ፣ ነሐሴ መጨረሻና ኅዳር መጨረሻ ላይ ይወድቃል። አሁን ይህንን ከቢሯችሁ ጋር አስተያዩት። የመሥሪያ ቤታችሁ በጀት ዓመት ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ግንቦት መጨረሻ ማለት ሁሉም ሰው ያልተወራረደ ሂሳብ ፋይል ይዞ ጠረጴዛችሁ ላይ የሚመጣበት ሰሞን ነው። ነሐሴ ደግሞ ይብሳል። ክሎዚንጉ አላለቀም፣ ኦዲተሮቹ ገብተዋል፣ እስከ ጥቅምት 30 መቅረብ ያለበት የትርፍ ግብር ከሩቅ ያያችኋል፣ በላዩ ላይ ዝናቡና የትራንስፖርት ሰልፉ አለ።

ኅዳር ግን ሌላ ነው። ጥቅምት 30 ካለፈ በኋላ ቢሮው ይተነፍሳል። የካቲትም የስድስት ወሩ ሪፖርት ከወጣ ደህና ነው፣ የዓድዋ በዓል ከፈተናው ሳምንት ጋር ሊገጥም ቢችልም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ከባዱን ወረቀት (ፈተና)፣ እነ ኤፍአርን፣ ኤኤን (ኦዲትን)፣ ኤስቢአርን (ከፍተኛውን የሪፖርቲንግ ፈተና)፣ ለኅዳር ወይም ለየካቲት አድርጉት። ግንቦት ላይ መቀመጥ ካለባችሁ ቀለል የሚላችሁን ውሰዱ። ሂሳቡን የምትዘጉት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ነሐሴን ዝለሉት። አታፍሩ፣ ዝለሉት። መያድ ውስጥ የምትሠሩና ዓመታችሁ ዲሴምበር 31 የሚዘጋ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእናንተ የካቲት ነው ክፉው። ኦዲት ፈርም ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን መከራ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

«እንዲህ እየዘለልኩ መቼ ልጨርስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ፈተናዎቹ በድምሩ 13 ናቸው፣ በዲግሪያችሁ የሚቀነስላችሁ ካለ ከዚያ ያንሳል። በአንድ ዙር እስከ አራት፣ በዓመት እስከ ስምንት መውሰድ ይፈቀዳል፣ ግን የተፈቀደ ሁሉ አይበላም። የሰባት ዓመቱ ገደብ የሚመለከተው የመጨረሻውን ደረጃ ፈተናዎች ብቻ ነው፣ ቆጠራውም የሚጀምረው ከዚያ ደረጃ የመጀመሪያውን ስታልፉ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጀመረ ሰዓት ሲቆጥርብኝ ኖሬያለሁ።

ሌላው የሰዓት ቆጠራ ነው። «12 ሳምንት አለኝ» አትበሉ። ከሥራ ወጥታችሁ ሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፋችሁ ቤት የምትደርሱበትን ሰዓት፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራውን፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መብራት የሚሄድበትን ማታ ሁሉ ቀንሱና የቀረውን ቁጠሩ። የእኔ በሳምንት 9 ሰዓት ወጣ። በ12 ሳምንት 108 ሰዓት ማለት ነው። ትንሽ ነው፣ ግን እውነተኛ ቁጥር ነው፣ የምትሠሩበት ነገር ነው። በፊት በሳምንት 20 ሰዓት አነባለሁ ብዬ አቅጄ 9 ሰዓት ሳነብ በየሳምንቱ 11 ሰዓት ዕዳ ይቆለልብኝ ነበር። ዕቅዱን 9 ሳደርገው የማነበው መጠን አልተለወጠም፤ ማታ ማታ ራሴን መራገሙ ግን ቀረ።

ፈቃዱንም አሁን ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ከፈተናው በፊት ያሉትን ሁለት ቀኖች ከሁለት ወር ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁና ቅጂውን ያዙ። የያኔው አለቃዬ ከፈተናው ሁለት ቀን በፊት በቃል ስጠይቀው «አሁን በዚህ ሰዓት?» አለኝ። ተናደድኩ፣ ሆኖም ግማሹ ጥፋት የእኔ ነበር።

ፕሮቪዥን ያዙ

የ44ቷ ውጤት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ መጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 22፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የፈተናው ክፍያ ደግሞ በፓውንድ ነው። ለመጀመሪያው ዙር አሜሪካ ያለችው እህቴ በካርዷ ከፍላልኝ ነበር፣ እና ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር ስልኩን ለማንሳት እሰቀቅ ነበር። እሷ ስለ ገንዘቡ ትንፍሽ አላለችም።

እዚህ ላይ ስለ ፕሮቪዥን (ሊመጣ ለሚችል ወጪ አስቀድሞ ስለሚያዝ ሂሳብ) ያነበብነውን ስታንዳርድ፣ አይኤኤስ 37ን፣ በራሳችን ላይ እንጠቀምበት። እንደ ኤፍአር፣ ኤኤና ፒኤም (ፐርፎርማንስ ማኔጅመንት) ባሉት ወረቀቶች ላይ በዓለም ደረጃ በየዙሩ ግማሽ ያህሉ ተፈታኝ ይወድቃል። እንግዲህ ድጋሚ መቀመጥ ፕሮባብል (ከመቅረቱ ይልቅ መሆኑ የሚያመዝን) ነው ወይስ ፖሲብል (ሊሆን የሚችል ብቻ)? ፕሮባብል ከመሰላችሁ ፕሮቪዥን ያዙለት፤ ገና ስትመዘገቡ የሁለት ዙር ክፍያ አስቡ። እኔ ለሁለተኛው ዙር ቢሮ ውስጥ እቁብ ገባሁ። ቀድሞ የተመዘገበ ሰው የሚከፍለው ያንሳል፣ ስለዚህ የመመዝገቢያ ቀኖቹን ስልካችሁ ላይ አስገቧቸው። መደበኛው የምዝገባ ቀን ሳያልፍ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ መሰረዝ ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ገንዘቡ ሄደ በሉት። የሚቀጥለው ክፍያ አስቀድሞ የተቀመጠ ሲሆን የዛሬው ፈተና ክብደቱ እንዴት እንደሚቀንስ ካላያችሁት አታምኑም።

ፖሲብል ነው ካላችሁ ደግሞ ቢያንስ ዲስክሎዝ አድርጉት። ለቤተሰብ ንገሩ ማለቴ ነው። እኔ ለእህቴ ደውዬ «ይሄ ፈተና ግማሹን ሰው ይጥላል፣ እኔንም ሊጥለኝ ይችላል» አልኳት። «ታዲያ ይሄን ለመናገር ነው ሦስት ወር ስልክ የማታነሳው?» ብላ ሳቀች።

ለእናት መናገር ይከብዳል። «ጎበዝ ልጄ» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ግን ካልነገራችኋት በየሳምንቱ ትጠይቃችኋለች፣ እናንተም በየሳምንቱ ትዋሻላችሁ። ስንት ፈተና እንዳለ፣ ስንቱ እንዳለፈ፣ ውጤት የሚመጣው በየትኛው ወር እንደሆነ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አስረዷት። ማኅበራዊ ሕይወቱንም እንደዚሁ። ሠርግ መቅረት ይቻላል፣ ለቅሶ ግን አይቀርም። ስለዚህ ዕቅዳችሁ ውስጥ በወር ሁለት ባዶ ማታ ተዉ፤ ለቅሶ ካልመጣ ለክለሳ ይሆናል።

የቴሌግራም ግሩፑን ነገር በአጭሩ ልበል። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ድምፁን አጥፉት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «ይሄ ስታንዳርድ ሊመጣ ይችላል አሉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁሌም አለ።

ሳንቲም ፍለጋውን ቢሮ ተዉት

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። የእኛ ሰው ልዩ ችግር አለው። ቢሮ ውስጥ ባላንሱ በሦስት ሳንቲም ካልገጠመ እስከ ማታ እንፈልጋለን፣ ያ ነው ሙያችን፣ በዚያ ነው የምንመሰገነው። ፈተናው ላይ ግን ይሄው ጠባይ ይገድለናል። እኔ መጀመሪያ ስቀመጥ ባላንስ ሺቱ አልመጣልኝም፣ 25 ደቂቃ ልዩነቱን ስፈልግ አጠፋሁ፣ ልዩነቱን አገኘሁት፣ ሁለተኛውን ባለ 20 ማርክ ጥያቄ ግን ሳልነካው ሰዓቱ አለቀ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 180 ደቂቃ ለ100 ማርክ፣ ማለትም ለአንድ ማርክ 1.8 ደቂቃ። ባለ 20 ማርክ ጥያቄ 36 ደቂቃ ብቻ ነው ያለው። 36ኛው ደቂቃ ላይ ባላንስ ቢመጣም ባይመጣም ትታችሁት ሂዱ። ገና ያልተነካ ጥያቄ ላይ የመጀመሪያዎቹ ማርኮች በቀላሉ ይገኛሉ፣ የተጀመረው ላይ የቀሩት ሁለት ማርኮች ግን ደም ያስተፋሉ። ደግሞም ጉድዊልን (ኩባንያ ሲገዛ ከተጣራ ንብረቱ ዋጋ በላይ የተከፈለውን) ብትሳሳቱና በዚያው በተሳሳተው ቁጥር ተከታዩን በትክክለኛው መንገድ ብትሠሩት የዘዴው ማርክ ይሰጣችኋል። አንድ ስህተት ሁለት ጊዜ አያስቀጣም። ምርጫ ጥያቄው ላይ ደግሞ ስለተሳሳታችሁ የሚቀነስ ነገር የለም፣ ስለዚህ ባዶ መተው ኃጢአት ነው።

«ሰዓት አይበቃኝም» የሚለውን ፍርሃት የሚያጠፋው በሰዓት መለማመድ ብቻ ነው። ያውም መጨረሻ ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ። የኤሲሲኤ አካውንታችሁ ላይ ፕራክቲስ ፕላትፎርም አለ፣ በነፃ ነው፣ ያለፉ ፈተናዎች አሉበት፣ ስክሪኑም የፈተናው ዕለት ከምታዩት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ስፕሬድሺቱ ልክ እንደ ኤክሴል አይደለም። የለመዳችሁት ሾርትከት የማይሠራ ከሆነ ይህን ማወቅ ያለባችሁ ቤታችሁ ነው፣ ፈተና ላይ አይደለም። ምዕራፉን ጨርሼ ነው የምለማመደው አትበሉ። ግማሹን ሳታውቁ ግቡበት። የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ 29 አመጣሁ። አመመኝ፣ ግን ምን እንደማላውቅ በስም ለየሁት። ማንበብ ያወቅን ያስመስላል፤ መሥራት ነው የሚያጋልጠን። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ 50 ያመጣና 90 ያመጣ እኩል አልፈዋል።

(ቲኤክስ ለምትወስዱ ሐዘኔን እገልጻለሁ። ቀን ቀን የራሳችንን ቫት እያሳወቁ ማታ ማታ የእንግሊዝን ታክስ መሸምደድ ጭንቅላት ያዞራል። ለዚያ መድኃኒት የለኝም።)

ቡና፣ ጫትና እንቅልፍ

ካፌይን ከጠጣችሁት ግማሹ ከሰውነታችሁ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ ማለት ነው። ቡና ተዉ አልልም፣ ማን ይሰማኛል፤ ግን አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ከ8 ሰዓት በፊት ጨርሱት። የፈተና ፍርሃት የሚመስላችሁ የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ ከፊሉ የቡና ሊሆን ይችላል።

ጫትን በግልጽ እናውራው፣ ብዙ ሰው በሱ ያጠናልና። እኔም ቅሜ አጥንቻለሁ። በምርቃናው ሰዓት ስታንዳርዱ ሁሉ ገብቷችሁ፣ መጽሐፉን ራሳችሁ የጻፋችሁት ይመስላችኋል። ሌሊቱን እንቅልፍ የለም። በማግስቱ ጥያቄ ስትሠሩ ግን ትናንት የገባችሁ ነገር ቦታው የለም። ያነበብነው የሚጸናው ስንተኛ ነው፣ ጫቱ ደግሞ የሚወስደው እሱኑ እንቅልፍ ነው። እኔ ሌሊቱን ትቼ ከንጋቱ 10 ሰዓት ተኩል መነሳት ጀመርኩ፣ ማታ 3 ሰዓት ተኩል እየተኛሁ። ሁለት ሳምንት ተሰቃየሁ፣ ከዚያ ለመድኩት።

የኅዳሩ ፈተና የነቢያት ጾም ውስጥ ነው፣ የየካቲቱ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፣ ባለፉት ዓመታት ረመዳንም እዚያው አካባቢ ነው። ጾሙን ስለመያዝ እኔ አልናገርም። ብቻ በጾም ቀን የሚከብደውን ጥያቄ ጠዋት አእምሯችሁ ትኩስ ሳለ ሥሩት፣ ሙከራ ፈተናችሁንም ቢያንስ አንዱን እየጾማችሁ ውሰዱት፣ ሰውነታችሁ ይልመደው።

ድንገት ጭንቅ ሲላችሁ፦ እስከ አራት እየቆጠራችሁ አየር አስገቡ፣ እስከ ስምንት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፣ ለሦስት ደቂቃ ያህል። ማስወጣቱ ይርዘም። ቀላል ይመስላል፣ ግን ልብ ምትን ያረጋጋል።

ፈተናው አልፎም ለሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ምንም ነገር ካላስደሰታችሁ፣ መኖር የማያስፈልግ ከመሰላችሁ ግን ይሄ የጥናት ዘዴ የሚፈታው አይደለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂዱ፣ ዛሬውኑ ለምትቀርቡት ሰው ንገሩ። ፀበልም የሚሄድ ይሂድ፣ ሐኪሙን ግን አይተው።

የፈተናው ዕለት

ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። የፈተና ወረቀቱ ላይ 9:00 ካለ የእኛ 3 ሰዓት ጠዋት ነው። ይሄን ማንም አይሳሳተውም ትላላችሁ። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ይሳሳተዋል። ቀኑንም በሁለቱም ካላንደር ጻፉት። ወረቀቱንና መታወቂያችሁን ማታ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ቦታውን ከዚያ በፊት አንድ ቀን በሥራ መግቢያ ሰዓት ሂዱና እዩት፤ የእሁድ መገናኛና የማክሰኞ ጠዋት መገናኛ አንድ አይደሉም።

ቀድማችሁ ስትደርሱ በር ላይ ከሚጠያየቀው ሰው ራቁ። «አይኤፍአርኤስ 16ን አይተኸዋል?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ራሱ የፈራ ነው። እኔ ጥግ ይዤ ለአሥር ደቂቃ ያህል የሚያስፈራኝን ነገር ወረቀት ላይ ጻፍኩና ቀድጄ ጣልኩት። የራሴ ፈጠራ አይደለም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈተና የሚፈሩ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ፍርሃታቸውን ሲጽፉ ውጤታቸው እንደሚሻሻል አሳይተው ነበር።

ከወጣችሁ በኋላ መልስ አታወዳድሩ። ብሉ፣ ተኙ። የኅዳሩ ፈተና ውጤት የሚመጣው ጥር መጀመሪያ ላይ ነው፣ እስከዚያ ምንም የምትለውጡት ነገር የለም። ለእኔ ኢሜይሉ የደረሰኝ ሌሊት ነበር። ስልኬን ሆን ብዬ ወጥ ቤት አስቀምጬ ስለተኛሁ ያየሁት ጠዋት ነው፣ ጥምቀት ሊደርስ ሰሞን፣ እናቴ ቡና እየቆላች። 58።

«አለፍኩ» አልኳት።

«እልል! ስንት ቀረ?»

«ሰባት።»

«እ» አለችና ወደ ምጣዷ ዞረች። «ቁርስህን ብላ፣ ሥራ ይረፍድብሃል።»